አምስት ተመራማሪ፣ አንድ ፓስወርድ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ ስለ አንዲት ቢጫ ወረቀት ነው የምጽፈው። ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ጉዳዩ ከፖለቲካው ያን ያህል እንደማይርቅ ታያላችሁ።

ወረቀቷ የተለጠፈችው በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የኮምፒውተር ስክሪን ጠርዝ ላይ ነበር። ተቋሙን በስም አልጠራውም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹን ነጻ ያወጣሁ ይመስላል፤ ነጻ የሚወጡት ደግሞ ብዙ አይመስሉኝም። ወረቀቷ ላይ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ተጽፏል። በክፍሉ አምስት ሰዎች እንሠራለን። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ በዚያች ወረቀት ይከፍታል፤ ማታ መጨረሻ የወጣ ይዘጋል። ለራሳችን አምስት ሰዎች ነን፤ ለማሽኑ ግን አንድ ሰው ነን።

አንድ ቀን ስድስተኛ ሰው መጣች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ገና የያዘች ወጣት ናት። የቅጥር ደብዳቤዋን እንደያዘች በስሟ መግቢያ እንዲከፈትላት ጠየቀች። «የሰው ሀብት ደብዳቤ ያስፈልጋል» ተባለች። ሰው ሀብት ሄደች፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲወጣ መስክ ሄደ። ከመስክ ሲመለስ ፈረመ፤ ደብዳቤው ወጪ ሊደረግ መዝገብ ቤት ገባና እዚያው ተኛ። አይሲቲ ክፍል ሄዳ ስትጠይቅ «አልደረሰንም» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ አልደረሳቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ማየት አሳዘነኝና ወደ ቢጫዋ ወረቀት ጠቆምኳት። «እስኪከፈትልሽ በዚች ግቢ» አልኳት።

ያ «እስኪከፈትልሽ» ስምንት ወር ፈጀ።

በስምንተኛው ወር አንድ የጥናት ፋይል ሲመረመር ችግር ተገኘ። የደርዘን ያህል ናሙናዎች ውጤት ተቀይሯል። በወረቀት መዝገቡ ላይ ፖዘቲቭ የተባለው ኮምፒውተሩ ላይ ኔጋቲቭ ይላል። ማን ቀየረው? መቼ? በስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ? ማሽኑ ተጠየቀ። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የሁላችንም የሆነውን፣ የማንም ያልሆነውን ስም። ስብሰባ ተጠራ። እኛ አምስታችን ለዓመታት የምንተዋወቅ፣ በሠርግና በለቅሶ የምንጠራራ ሰዎች ነን። ማንም ጣቱን አልቀሰረም። ግን የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ወንበር ዞረ። ዓመቱ ሲያልቅ የልጅቷ ኮንትራት አልታደሰም።

እሷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ማወቅ የሚችል ሰው የለም። ወረቀቷን ያሳየኋት ደግሞ እኔው ነኝ። በስሟ መግቢያ ቢኖራት ኖሮ፣ ጥፋተኛም ትሁን ንጹሕ፣ የሚመሰክረው ማሽኑ ነበር። እኛ ግን ምስክሩን በገዛ እጃችን ዲዳ አደረግነው።

ስለዚህ የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ በመጀመሪያው ቀን በገዛ ስሙ የኮምፒውተር መግቢያ የማይሰጥ ላቦራቶሪ፣ የምርምሩን እውነትም የሠራተኛውን ክብርም ገና በጠዋቱ አሳልፎ ሰጥቷል። «ይሄ የአይቲ ልጆች ጣጣ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ማን ምን እንደሠራ የማወቅ ጉዳይ ነው። ይህን ደግሞ ከኮምፒውተር በፊት የሚያውቅ ሰፈር አለ።

*

እኔ የአዲስ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ሸማ ተራ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከገጠር አዲስ ልጅ ሲቀጠር ሥርዓቱን እያየሁ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ ዋስ ይጠራል። ልጁ ከመድረሱ በፊት የሚያድርበት ይዘጋጃል፣ የሚሠራው ሥራ ይለያል። በመጀመሪያው ሳምንት ይጠርጋል፣ ጥቅል ያወርዳል፣ ያያል። ቀጥሎ ሜትር ይሰጠዋል። ከዚያ ይላካል። ቆይቶ፣ ሲታመን፣ ገንዘብ ይቀበላል። ሁሉም በደረጃ ነው።

ግን ከመጀመሪያው ሽያጩ ጀምሮ አንድ ነገር አለው፤ የራሱ ደብተር። አባቴ ለእያንዳንዱ ሻጭ ለየብቻ ደብተር ይሰጥ ነበር። ለእኔም ለልጁ። ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ እያንዳንዱ ደብተር ከሳጥኑ ጋር ይታያል። አባቴ ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ነው። «በአንድ ደብተር ሁለት እጅ ከጻፈ ሌባው ደብተሩ ነው» ይል ነበር።

አንድ ማታ ገንዘብ ጎደለ። ሱቁ ውስጥ ያለነው አባቴ፣ እኔና ከመጣ ወር ያልሞላው ልጅ ነን። ጎረቤቱ ነጋዴ ሳይጠየቅ ፈረደ፤ «አዲሱ ነው፣ ምን ይጠየቃል!» አባቴ መልስ አልሰጠውም። ደብተሮቹን አወጣና በፋኖስ ማየት ጀመረ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጉድለቱ የተገኘው እኔ ደብተር ላይ ነው። አምስት ሜትር ሸጬ የሦስት ሜትር ዋጋ ተቀብያለሁ። ደብተሩ የባለሱቁን ልጅ አጋለጠ፤ ዘመድ የሌለውን ልጅ አዳነ።

መዝገብ የሚጠቅመው አለቃውን ይመስለናል። አለቃውማ ባይመዘገብም አለቃ ነው፤ ቃሉ ይሰማል። መዝገብ መጀመሪያ የሚጠቅመው ትናንት ለመጣው፣ ለማይታወቀው፣ ምስክር ለሌለው ነው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያቺ ልጅ ያጣችው ይህን ነው። ሸማ ተራ ላይ አንድ አራተኛ ክፍል የተማረ ነጋዴ ለገጠር ልጅ የሰጠውን ነገር፣ ፒኤችዲ የተሰበሰበበት ተቋም ለሁለተኛ ዲግሪ ምሩቅ መስጠት አቃተው።

*

«ይሄ የመርካቶ ተረት ነው፣ ሳይንስ ሌላ ነው» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ከሳይንስ ቤት እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ፣ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተዛውሮ ሥራ ጀመረ። ገና እንደገባ የተሰጠው ሥራ ተራ ነበር፤ በኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት አለ፣ ፈልግ ተባለ። ላቦራቶሪው የእያንዳንዱን ተጠቃሚ የማሽን ጊዜ በየስሙ ይመዘግብና ያስከፍል ነበር። 75 የአሜሪካ ሳንቲም የጎደለው አንድ ሰው ለጥቂት ሰከንዶች ማሽኑን ተጠቅሞ የሚከፍል ስላልነበረ ነው። ስቶል ያቺን ሳንቲም ተከትሎ ሲሄድ፣ ከምዕራብ ጀርመን እየገባ የአሜሪካን ወታደራዊ ኮምፒውተሮች የሚበረብርና ያገኘውን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት የሚሸጥ ሰው ላይ ደረሰ።

ሰርጎ ገቡ ከተጠቀመባቸው መግቢያዎች አንዱ የማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ላቦራቶሪውን ትቶ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደ ባልደረባ። ሰውየው ሄዷል፤ በሩ ግን ሳይዘጋ ቀርቷል።

ልብ በሉ፤ ስቶል ያን ሁሉ ያገኘው ከእኛ የተሻለ ማሽን ስለነበረው አይደለም። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ ማሽን ይበልጣል። የነበረው ነገር አባቴ የነበረው ነው፤ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ደብተር። የበርክሌይ ማሽን በአንድ ቢጫ ወረቀት የሚከፈት ቢሆን ኖሮ 75 ሳንቲም መጥፋቷንም የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ሩቅ ነው ካላችሁ እዚሁ ቅርብ አለ። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ሲዛነፍ፣ ብዙ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ አወጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ በኤቲኤም ሲሰለፉ አደሩ። ባንኩ ግን በቀናት ውስጥ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ያውቅ ነበር፤ ገንዘቡን ያልመለሱትንም ስማቸውን በአደባባይ አወጣ። በስም መለጠፉ ተገቢ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ሲስተሙ በተበላሸበት ሌሊት እንኳ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የባለቤቱን ስም ይዞ ነበር። የእኛ ላቦራቶሪ ሲስተሙ ደህና በሆነበት በጠራራ ፀሐይ ይህን ማድረግ አልቻለም።

*

መግቢያ የተነፈገ አዲስ ተመራማሪ ምን ያደርጋል? እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሥራ ይጠበቅበታል። ስለዚህ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ወደ መርካቶ ይወስደዋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ በገዛ ደሞዙ ይገዛል። እዚያው ሱቅ የሚቀመጠው ልጅ «ፉል አድርጌ ልጫንልህ?» ይለዋል። ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ሁሉም የተሰበረ ኮፒ፣ ሁሉም በአንድ ፍላሽ። ልጁን አልወቅሰውም፤ የተጠየቀውን ይሸጣል። ያ ላፕቶፕ በማግስቱ ላቦራቶሪ ይገባል። የታካሚዎች ዝርዝር በፍላሽ ይገለበጥበታል። ፍላሹ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ይወጣና የክፍሉን ማሽን ሁሉ ያዳርሳል። ፍላሽ ሲያስቸግር ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል። አዎ፣ ይህን ጽሑፍ በምታነቡበት በዚሁ ቴሌግራም፣ ከዚህ ቻናልና ከእህቱ ልጅ የልደት ፎቶ መካከል።

የተቋም ኢሜይል ስለማይሰጠው በግል ጂሜይሉ ይጻጻፋል። ከውጭ አጋር ድርጅት ጋር የተደረገው የሦስት ዓመት ልውውጥ ሁሉ በአንድ ግለሰብ ሳጥን ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው የውጭ ትምህርት ዕድል ሲያገኝ ልውውጡም አብሮት አውሮፕላን ይሳፈራል። ተተኪው ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ «ምርምራችን ለምን አያድግም?» ብለን አውደ ጥናት እንጠራለን።

መረጃው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሲኖር ሌላም አደጋ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ በእሳት ሲነድ ያየ ሰው አንድ ኮፒ ብቻ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። አባቴ የዱቤ መዝገቡን ሁለት አድርጎ ይጽፍ ነበር፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት። አዲሱ ተመራማሪ ግን ሁለተኛውን ኮፒ የት ያስቀምጥ? የተቋሙ ሰርቨር ላይ ቦታ የሚያገኘው መግቢያ ያለው ሰው ነው።

*

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ መረጃ የማን ነው?

ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። አውቶቡስ ተራ ጫፍ ላይ ሻይ የምትሸጥ እናት አክታ ነው። ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቅጥ የሚውል ሰው ደም ነው። ኮቪድ በገባበት በ2012 በአዲስ አበባ ቫይረሱ በብዛት ከታየባቸው ክፍለ ከተሞች አንዱ አዲስ ከተማ እንደነበር አትርሱ። ያኔ የሰፈሬ ሰው አፍንጫውን ለናሙና ሰጥቷል፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ ቤቱን ተናግሯል። የሰጠው ለተቋም ነው። በፍላሽ ለሚዞር ለማን ባለቤት ለማይታወቅ ፋይል አልሰጠም።

የውጤቱ ትክክለኛነትም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚመረምረውን ጂን ኤክስፐርትን ውሰዱ። የማሽኑ ፕሮግራም ሲሠራ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱ መግቢያ እንዲኖረው፣ አንዱ ምርመራ ብቻ እንዲሠራ፣ ሌላው ዝርዝር እንዲያይ፣ አስተዳዳሪው ደግሞ ሌሎችን እንዲያስገባ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ፋብሪካው በሩን ከነቁልፎቹ ሰጥቶናል። በአንድ የጋራ ስም የምንከፍተው እኛ ነን። የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መለኪያ የሆነው አይኤስኦ 15189ም መረጃ የማየት፣ የማስገባትና የመቀየር ሥልጣን የማን እንደሆነ ተለይቶ እንዲወሰን ይጠይቃል። ላቦራቶሪዎቻችን ይህን ሰርተፊኬት ለማግኘት ይደክማሉ፤ ሲያገኙ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ቢጫዋ ወረቀት ከሰርተፊኬቱ በታች ተለጥፋ ካያችሁ አትሳቁ።

ሕጉም ዝም አላለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም መግባትን ወንጀል አድርጎታል። እንግዲህ አዲሷን ልጅ አስቡ። እኔ ወረቀቷን አሳየኋት፤ ተቋሙ ግን የፈቀደላት በምን ደብዳቤ ነው? የጎረቤት ፈቃድ የባለቤት ፈቃድ አይደለም። የመጀመሪያ ሥራዋን ሕግ ጥላው በሚጠይቅበት ቦታ ላይ አቁመናት ሄድን።

*

ፖለቲካው እዚህ ጋ ነው።

ኅዳር 2017ን ታስታውሳላችሁ። በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሳ ብዙ የመርካቶ ሱቆች ለጊዜው ተዘግተው ነበር። የመንግሥት ቃል ግልጽ ነበር፤ እያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ ይኑረው፣ ማን ለማን ምን እንደሸጠ ይታወቅ። በመርህ ደረጃ እኔ አልቃወምም፤ የደብተር ልጅ ነኝ። ግን ከመርካቶ ነጋዴ የአንድ ጥቅል ካልሲ ደረሰኝ የሚጠይቅ መንግሥት፣ በራሱ ላቦራቶሪ ውስጥ የአንድ ሰው የበሽታ ውጤት ሲቀየር ደረሰኝ የለውም። ካልሲው ዱካ አለው፤ ደሙ የለውም።

ፋይዳንም ተመልከቱ። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አገሪቱ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ መለያ ለመስጠት ተነሳች። የጣት አሻራ፣ የዓይን አሻራ፣ ፎቶ፤ አንድ ሰው ሁለት እንዳይሆን። መልካም። ታዲያ ያ አንድ ሰው ላቦራቶሪ ሲቀጠር የአምስት ሰው አንድ አምስተኛ ይሆናል። እንደ ዜጋ ልዩ ቁጥር አለው፤ እንደ ሠራተኛ ስም የለውም።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። አንድ ወንበር ከንብረት ክፍል ለማውጣት በሞዴል 20 ትጠይቃላችሁ፣ በሞዴል 22 ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ። ወንበሩ ቁጥር ተጽፎበታል። ስትለቁ ክሊራንስ ይዛችሁ በየቢሮው ትዞራላችሁ፤ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት። አንድ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ ካለ አትወጡም። ፓስወርዱን ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ወንበሩን አስረክባችሁ የሺህ ሰው መረጃ የሚከፍተውን ቁልፍ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይዛችሁ በሰላም ትሰናበታላችሁ። ሥርዓት የለንም ማለት አንችልም። ሥርዓት አለን፤ ለወንበር።

*

አሁን የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«በጀት የለም።» ማሽኑ አለ፣ ሲስተሙ አለ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ስድስተኛ ስም መክፈት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግዢ የለው፣ ጨረታ የለው። ከዚያ በላይ በጀት የሚበላው ስህተቱን ስንፈልግ የባከነው ወር ነው።

«ኔትወርክ አይሠራም፣ መብራት ይጠፋል።» እውነት ነው፤ ማንም አይክድም። ግን በአንድ ማሽን ላይ በስም ለመግባት ኢንተርኔት አያስፈልግም። አባቴ ደብተሩን ያነበበው በፋኖስ ነው።

«ሠራተኛ አይቆይም፤ ለስድስት ወር ለሚቀመጥ ሰው ምን ያደክማል?» የማይቆይ መሆኑ ራሱ ምክንያቱ ነው። በስሙ ከፍታችሁ በስሙ ስትዘጉ ሄደ ማለት ነው። የጋራውን ፓስወርድ ከሰጣችሁት ግን አልሄደም። እስክትቀይሩት ድረስ ውስጥ ነው፤ እናንተ ደግሞ ቢጫዋን ወረቀት ከለጠፋችሁ ጀምሮ ቀይራችሁት አታውቁም።

«ለጥንቃቄ ብለን ነው የምናዘገየው።» ይህን የሚሉት አንዳንድ የአይሲቲ ኃላፊዎች ናቸው። ጥንቃቄ የሚሆነው ሰውየው እስኪፈቀድለት ሥራ ባይኖረው ነበር። ሥራ ግን አለው፤ አለቃው ማታ ሪፖርት ይጠብቃል። በሩን ስትዘጉበት በመስኮት ይገባል፤ መስኮቱን ደግሞ እናንተ አታዩትም። ለአይሲቲ ባለሙያዎችም ፍትሕ ላድርግ። ብዙ ጊዜ ለመላው ተቋም ጥቂት ልጆች ናቸው፤ ፕሪንተር ከመጠገን እስከ ሰርቨር። አዲስ ሰው መቀጠሩን የሚያውቁት ሰውየው በራቸው ላይ ሲቆም ነው። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ! ጥፋቱ የበርበሬ ቀንጣሹ ሳይሆን የጠሪው ነው።

የመጨረሻው መልስ ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ ደግ ስለሚመስል። «እኛ እንተማመናለን፣ ቤተሰብ ነን።» እኔም ይህን ስል ኖሬያለሁ። በዚህ አገር ከመርካቶ በላይ በእምነት የሚኖር የለም። በቃል ብቻ በብዙ ሺህ ብር የሚቆጠር ዕቃ በዱቤ ይወጣል። ግን ያው የሚያምነው ነጋዴ ይጽፋል። የሚጽፈው ስለማያምን አይደለም፤ እምነቱ ነገ ጠዋትም እንዲኖር ነው። ቤተሰብ ነን ያልነው አምስታችን ስድስተኛዋን እንዴት እንዳስተናገድናት ነግሬያችኋለሁ።

ለአንድ ነገር ብቻ የጋራ ፓስወርድ ጎድቶናል አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን ሲጀምር እንደኛ ላሉ አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ከፈተ፤ መግቢያውም ለተቋም የሚሰጥ አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ ነበር። በየቤተ መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስንቱን ተማሪ አስተምሯል! ልማዱም ሳይለምድብን አልቀረም። ግን ልዩነቱን እንወቅ። የማንበቢያ ክፍል ቁልፍ በጋራ ይያዛል። የሳጥን ቁልፍ በጋራ አይያዝም።

*

የምጠይቀው አዲስ ስትራቴጂ አይደለም፤ ኮሚቴም አይቋቋም። አራት ነገር ነው።

1. የቅጥር ደብዳቤ ሲፈረም ግርጌው ላይ ካሉት «ግልባጭ» መስመሮች አንዱ «ለአይሲቲ ክፍል» ይሁን። ደብዳቤው ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊት ይድረሳቸው፤ ማን እንደሚመጣ፣ መቼ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ማየት እንደሚያስፈልገው ተጽፎ። አዲሱ ሰው ደብዳቤ ተሸካሚ አይሁን።

2. በመጀመሪያው ቀን በስሙ መግቢያ ያግኝ፤ ፓስወርዱን ራሱ ያውጣ፣ ራሱ ብቻ ይወቀው። የተቋም ኢሜይልና ፋይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታም አብሮ።

3. እንደ መርካቶ ልጅ በደረጃ ይግባ። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማስገባት፣ ሲሠለጥን ማረም። ሁሉን ወይም ምንም አይሁን። ዛሬ የምናደርገው ግን ልክ እሱን ነው፤ ሦስት ሳምንት ምንም፣ ከዚያ በአንዲት ወረቀት ሁሉን።

4. ክሊራንስ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «የኮምፒውተር መግቢያው ተዘግቷል፣ መረጃውን አስረክቧል።» ያለዚያ ፊርማ ማንም አይለቅ።

የግልባጭ መስመርና የክሊራንስ መስመር። ሁለት መስመር ነው፤ ቀለሙ እንኳ አያልቅም። ይህን ለማድረግ የሚኒስቴር መመሪያ የሚጠብቅ ኃላፊ ካለ፣ የጎደለው መመሪያ አይደለም።

በየላቦራቶሪው ላላችሁ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ነገ ጠዋት ቢሯችሁ ስትገቡ የመጨረሻው የተቀጠረ ሰው በማን ስም እንደሚሠራ ጠይቁ። በራሱ ስም ከሆነ እሰየው። ካልሆነ፣ ነገ ጉድለት ሲገኝ ዓይናችሁ ወደ ማን ወንበር እንደሚዞር ከአሁኑ ታውቁታላችሁ።

ያቺ ልጅ ይህን ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ካነበበችው፣ የአባቴ ደብተር እኔን አጋልጦ አንድን ልጅ ሲያድን በዓይኔ አይቼ ያደግሁ ሰው፣ ለእሷ ደብተር መጠየቅ ሲገባኝ ወረቀት ጠቁሜያታለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ወረቀቷን ግን ቀድጄያታለሁ። እናንተም ቅደዱ።